አንዱ ለማስነሳት፣ አንዱ ለመቆየት

ጋምቤላ ውስጥ ሚኒባስ ያለው ቤተሰብ ከሽንኩርት ዋጋ ቀጥሎ የሚያውቀው የባትሪ ዋጋ ነው። ልጄ በእቁብና በብድር አንድ አባዱላ ገዝቶ በኢታንግ መሥመር ማሠራት ከጀመረ ወዲህ በእኛም ቤት እንዲሁ ሆኗል። ነገሩ ለእኔ እንግዳ አይደለም። በነርስነት ባገለገልኩባቸው ዓመታት በአምቡላንስ ብዙ ተጉዣለሁ፤ አንድ መኪና ሁለት ባትሪ ለምን እንደሚይዝም ሾፌሮቹን እየጠየቅሁ ተምሬያለሁ። ልጃቸው መኪና የሚያሠራ፣ ወይም ግቢያቸው ውስጥ አሮጌ ባትሪ የተቀመጠባቸው ወላጆችና አያቶች ይህን ቢያውቁት ይጠቅማቸዋል ብዬ ነው የጻፍኩት።

ዋናው ባትሪ የተሠራው ሞተር ለማስነሳት ነው። ቁልፉ ሲዞር ሞተሪኖው ለጥቂት ሰከንድ በመቶዎች የሚቆጠር አምፔር ይስባል። ይህን ሁሉ በአንዴ እንዲሰጥ በውስጡ ያሉት የእርሳስ ሳህኖች ስስና ብዙ ናቸው። ረዳቱ ባትሪ ግን ሳህኖቹ ወፈር ያሉ ናቸው፤ ጥቂት ጥቂት እየሰጠ ለሰዓታት ይቆያል። አንዱ ኩንታል በአንድ ትንፋሽ ተሸክሞ እንደሚነሳ ጎረምሳ፣ ሌላው ቀኑን ሙሉ ሲኮተኩት እንደሚውል ገበሬ ነው። ጎረምሳውን ቀኑን ሙሉ ካስኮተኮታችሁት ይሰበራል፤ የማስነሻ ባትሪም በመብራት፣ በቴፕና በስልክ ቻርጅ ደጋግሞ ባዶ ከሆነ ዕድሜው ያጥራል። (ረዳት ስል በር ላይ ቆሞ የሚጣራውን ልጅ ማለቴ አይደለም፤ ጥቅሙ የሚታወቀው ሲጠፋ ነው ካልን ግን ይመሳሰላሉ።)

በሁለቱ መካከል መለያ ሪሌ ይገባል። ሞተሩ ሲሠራ ዲናሞው ወደ 14 ቮልት ያመነጫል፤ ያን ጊዜ ሪሌው ሁለቱን አገናኝቶ ሁለቱም ይሞላሉ። ሞተሩ ሲጠፋ ደግሞ ይለያቸዋል። ፍሪጁም መብራቱም ከረዳቱ ብቻ ይበላሉ፤ ዋናው ለነገው ማስነሻ ሳይነካ ይቆያል። አንዳንድ ባለሙያ ግን ወጪ ለመቀነስ ሁለቱን በቀጥታ ገመድ ያስራቸዋል። እንዲህ ከሆነ ሁለት ባትሪ አላችሁ ማለት አይቻልም፤ አብረው ይሞላሉ፣ አብረው ይሞታሉ።

የዚህን ትርጉም ያየሁት በአንድ ወረዳ፣ በክረምት ሌሊት ነው። አንዲት እናት ከወለደች በኋላ ደም አልቆም አላት። የአምቡላንሱ ረዳት ባትሪ ሞቶ ከወጣ ወራት አልፎታል፤ አዲስ ይገዛል እየተባለ የውስጡ መብራትና የስልክ መሙያው ሁሉ ከዋናው ጋር ተገናኝቶ ነበር። ሾፌሩ ቁልፉን ሲያዞር “ጠቅ” ከማለት በቀር ድምፅ የለም። “ሲስተር፣ ሰው ጥሪልኝ፣ ተገፍቶ ነው የሚነሳው” አለኝ። የሰፈሩ ወጣቶች በጭቃው ውስጥ ሲገፉ እኔና ባልደረባዬ ማሕፀኗን በእጅ እያሸን፣ ኦክሲቶሲን ሰጥተን እንጠብቃለን። መኪናው ለመነሳት አርባ ደቂቃ ያህል ወሰደበት። እናትየዋ ተርፋለች። ደም ለሚፈሳት ሴት ግን አርባ ደቂቃ ምን ማለት እንደሆነ የሚያውቅ ያውቀዋል። ኦክሲቶሲን ራሱ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ቅዝቃዜ የሚፈልግ መድኃኒት ነው፤ በጋምቤላ ሙቀት የፍሪጅና የባትሪ ጉዳይ የመድኃኒትም ጉዳይ ነው።

ወደ ሚኒባሱ ልመለስ። ረዳቱ ባትሪ 100 አምፔር ሰዓት ተብሎ ቢጻፍበትም፣ እንዲከርም ከተፈለገ የሚጠቀሙት ግማሹን ነው። በአማካይ 4 አምፔር የሚወስድ ትንሽ ፍሪጅ ካለ 50ው ወደ አሥራ ሁለት ሰዓት ያደርሳል። በየካቲትና በመጋቢት ፀሐይ ግን የፍሪጁ ሞተር ዕረፍት ስለሌለው ከዚያ በታች መገመት ይሻላል። ቮልት መለኪያ ውድ ዕቃ አይደለም። መኪናው አድሮ ጠዋት ሲለካ 12.6 ገደማ ካሳየ ሙሉ ነው፤ 12.2 ግማሽ ነው፤ ወደ 12 ከወረደ ሳይውል ሳያድር መሞላት አለበት።

የባትሪ ትልቁ ጠላት ሙቀት ነው። ሙቀቱ በ10 ዲግሪ ገደማ በጨመረ ቁጥር ዕድሜው ወደ ግማሽ ይወርዳል ይባላል። ስለዚህ በጎሬ ብርድ ብዙ ዓመት የሚያገለግል ባትሪ እዚህ ቆላ ቶሎ ቢደክም ሻጩን ብቻ መውቀስ አይገባም። ክዳኑ በሚከፈተው ዓይነት ውስጥ ውሃው ይተናል፤ ሳህኖቹ ሳይጋለጡ የተጣራ የባትሪ ውሃ ይጨመርበታል። የባሮ ውሃም የቧንቧም አይሆንም፤ በየጊዜው አሲድ መጨመርም ስሕተት ነው። ውሃውን ለማየት ክብሪት የሚጭር ሰው ካያችሁ ወዲያው አስጥሉት፤ ባትሪ ሲሞላ የሚወጣው ሃይድሮጅን ይፈነዳል።

ለአያቶች ከሁሉ በላይ የምለው ስለ አሮጌው ባትሪ ነው። በየግቢው ጥግ፣ አንዳንዴም የልጆች መቀመጫ ሆኖ አያለሁ። እርሳስ በእጅና በአቧራ ወደ ሕፃን አፍ ይገባል፤ በአንጎል ላይ የሚያደርሰው ጉዳት አይመለስም፤ የዓለም ጤና ድርጅትም ለልጅ ደኅና የሚባል መጠን አይታወቅም ይላል። አሲድ በሃይላንድ ማስቀመጥ ደግሞ በፍጹም አይገባም፤ የጠማው ልጅ ውሃ ነው ብሎ ያነሳዋል። ዓይን ውስጥ ከገባ ቢያንስ ለ15 ደቂቃ በንጹሕ ውሃ ሳያቋርጡ ማጠብና ወደ ጤና ጣቢያ መሄድ ነው። ከጠጣ አፉን አጉመጥምጡት፤ እንዲያስመልስ ግን አታድርጉ፤ የወረደው አሲድ ሲመለስ ጉሮሮውን ዳግመኛ ያቃጥለዋልና። በፍጥነት ወደ ሕክምና ውሰዱት።

የሞተ ባትሪ በገንዘብ የሚገዙ አሉ። እስኪመጡ ድረስ ቀጥ ብሎ፣ ከፀሐይ ርቆ፣ ልጅ የማይደርስበት ቦታ ይቀመጥ። “እዚሁ ፈልጠን እርሳሱን ብቻ እንውሰድ” የሚሉ ከመጡ ግን ከአጥር ውጭም ቢሆን አትፍቀዱላቸው።