ዋጋው ለምን ረከሰ?



ሐዋሳ ሐይቅ ዳር የምትኖሩ ድምፁን ሳታውቁት አትቀሩም። ከዐስር ሶላት በኋላ ፍቅር ሐይቅ በሰው ሲሞላ፣ ከባጃጁና ከቦክሰሩ ጩኸት መሐል ወፈር ያለ፣ ደረት የሚነቀንቅ ድምፅ ይመጣል። ሰው ሁሉ ዞር ይላል። ቀይ ዱካቲ ናት፤ 848 የሚሏት። እኔም ዓመት ሙሉ ዞር እያልኩ ሳያት ነበር። አንድ ቀን ልትሸጥ መሆኑን ሰማሁ። ዋጋዋን ሲነግሩኝ ጆሮዬን ተጠራጠርኩ፦ 400 ሺህ ብር!

እውነቱን ልንገራችሁ፤ ሞተር ከልጅነቴ ጀምሮ ድክመቴ ነው። ለሱቅ ሥራ የምነዳት 150 ሲሲ ቦክሰር አለችኝ። ዕቃ ትጭናለች፣ ነዳጅ ትቆጥባለች፣ ማንም ዞሮ አያያትም። ዱካቲዋ ግን ወደ 850 ሲሲ ትጠጋለች። ለሱቁ ዕቃ ማስገቢያ ያስቀመጥኩት ገንዘብ ደግሞ ልክ 400 ሺህ ነበር። «ይሄማ ሪዝቄ ነው» አልኩ። ነፍስ የፈለገችውን ነገር ሪዝቅ ብላ ለመጥራት አትቸገርም።

ባለቤቴ አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቀችኝ፦ «ልጆቹን የት ላይ ልታስቀምጣቸው ነው?» መልስ ስላልነበረኝ ወደ መካኒክ ሄድኩ።

የምተማመንበትን መካኒክ ይዤ ሞተሯን አየናት። እሱም እውነተኛ ሰው ነውና «ቦክሰር ብትሆን ዓይኔን ጨፍኜ እፈታታት ነበር፤ ይቺን ግን በደንብ አላውቃትም» አለኝ። የሚያውቀውን ግን አስረዳኝ። በሌሎቹ ሞተሮች ቫልቩን የሚዘጋው ሞላ ነው። ዱካቲ ግን ፋቢዮ ታሊዮኒ የሚባለው መሐንዲስ በ1950ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ባመጣው አሠራር፣ ቫልቩን የሚከፍት አንድ ክንድ፣ የሚዘጋ ደግሞ ሌላ ክንድ አላት። ማስተካከሉ ልምድ ያለው እጅ ይፈልጋል። ቫልቮቹን የሚያንቀሳቅሰውን ካምሻፍት የሚያዞረው ደግሞ ጥርስ ያለው የጎማ ቀበቶ ነው። ይህ ቀበቶ ሞተሯ ብትቆምም ያረጃል፤ ኪሎ ሜትሩ ባይሞላም ዓመቱ ሲሞላ መቀየር አለበት። ከተበጠሰ ፒስተኑ ከቫልቩ ጋር ይጋጫል። ያኔ ሞተሩ አለቀለት ማለት ነው። መለዋወጫውም እዚህ ሱቅ ገብተህ የምታገኘው አይደለም፤ ከውጭ በሰው ሻንጣ ነው የሚመጣው።

ሻጩን «ቀበቶው መቼ ተቀየረ?» አልኩት። በመስጂድ ጀምዓ የማውቀው ወጣት ነው። ሞተሯን ውጭ የሚኖር ወንድሙ ነው የላከለት። ሊብሬውም የጉምሩክ ወረቀቱም የተሟላ ነው። ትንሽ ዝም አለና «ወላሂ አልዋሽህም፣ እኔ ጋር ከመጣች አራት ዓመቷ ነው፤ አንድም ቀን አልተቀየረም» አለኝ።

እኔ ያኔ ምን አደረግኩ? ላመሰግነው ሲገባኝ 30 ሺህ አስቀነስኩት! እሱም ያለ ክርክር «እሺ» አለ። 370 ሺህ ላይ ተስማማን። ሰው ያለ ክርክር «እሺ» ሲል ቆም ብሎ ማሰብ ነበረብኝ።

ማታ አዲስ አበባ ላለ አንድ የማውቀው ደላላ ደወልኩ። «ወረቀቷ ንጹህ ከሆነ እንዲህ ያለችው ከ700 ሺህ አትወርድም» አለኝ። «ግን ታጋሽ ሻጭ ትፈልጋለች» ሲል ጨመረ። ከሐምሌ 2011 ዓ.ም. ጀምሮ ልዩ ፈቃድ የሌለው ሞተር ሳይክል አዲስ አበባ ውስጥ እንዳይንቀሳቀስ ስለተከለከለ፣ ለእንዲህ ዓይነት ሞተር ገዢ ለማግኘት ወራት ይወስዳል። ስልኩን ስዘጋ ደስታዬ እጥፍ ሆነ። ሐላል ግዢ፣ በግማሽ ዋጋ!

ኢስቲኻራ ሰገድኩ። ሁለት ረከዓ ሰግጄ፣ ዱዓውን አድርጌ፣ ሕልም እየጠበቅኩ ተኛሁ። ምንም አላየሁም። በማግሥቱ ከዒሻ በኋላ ኡስታዛችንን ስጠይቃቸው ሳቁ። «ኢስቲኻራ ሕልም መጠበቅ አይደለም» አሉኝ። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ለሶሓባዎቻቸው የቁርኣን ሱራ እንደሚያስተምሩት አድርገው ያስተማሩት ዱዓ ነው። ዱዓህን ታደርጋለህ፣ ታጣራለህ፣ አዋቂ ታማክራለህ፣ ከዚያ ትራመዳለህ። ኸይር ከሆነ አላህ ያገራዋል፣ ካልሆነም ይመልስሃል። ቀጥለውም አንድ ነገር ጠየቁኝ፦ «ልጁ ለምንድን ነው የሚሸጣት?»

ወላሂ አልጠየቅኩትም ነበር። ቀበቶዋን፣ ጎማዋን፣ ሊብሬዋን ሁሉ ጠይቄያለሁ። እሱን ግን አልጠየቅኩም።

ኡስታዙ ያውቁ ነበር። አባቱ ታመው ለሕክምና አዲስ አበባ መሄድ አለባቸው፤ ሆስፒታሉ ቀጠሮ ቆርጦ ቅድሚያ ክፍያ ጠይቋል። ልጁ ገንዘቡን በሁለት ሳምንት ማግኘት አለበት። የዋጋው ርካሽነት ምክንያቱ ይሄው ነበር።

ኡስታዙ አንድ የምናውቀውን ሐዲሥ አስታወሱኝ። ሐኪም ኢብኑ ሒዛም (ረ.ዐ) ያወሩት፣ ቡኻሪና ሙስሊም የዘገቡት ነው። ገዢና ሻጭ እስኪለያዩ ድረስ ምርጫ አላቸው፤ እውነት ተናግረው ግልጽ ካደረጉ በግብይታቸው በረካ ያገኛሉ፣ ከደበቁና ከዋሹ በረካው ይጠፋል። «ይህን ሐዲሥ ሁልጊዜ ለሻጭ ነው የምናነበው» አሉኝ፤ «ግን የሚናገረው ስለ ሁለቱም ነው። ልጁ የሞተሩን ዐይብ ነግሮሃል። አንተስ የምታውቀውን ነግረኸዋል?»

ከዚያም የጀሪር ኢብኑ ዐብዲላህን (ረ.ዐ) ታሪክ አወጉኝ። ጦበራኒ እንደዘገቡት፣ አገልጋያቸው ፈረስ በ300 ዲርሃም ገዝቶ መጣ። ጀሪር ፈረሱን ሲያዩት ከዚያ በላይ እንደሚያወጣ ገባቸው። ወደ ባለቤቱ ሄደው እየጨመሩ፣ እየጨመሩ 800 ከፈሉት። ምክንያታቸው ለነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ቃል ኪዳን ሲገቡ ለሙስሊም ሁሉ ቅን ለመሆን ቃል መግባታቸው ነበር። ኡስታዙ ግዢዬ ሐራም ነው አላሉኝም። ግብይቱ ይጸናል፤ ነገር ግን የተቸገረን ሰው ጭንቀት ተጠቅሞ ንብረቱን በርካሽ መውሰድን ብዙ ዑለሞች ጠልተውታል።

እኔ ጀሪር አይደለሁም። ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም፤ «ነጋዴ አይደለሁ? ተስማምተን የለ? እኔ ባልገዛው ሌላው ከዚህም ባነሰ ይገዛው የለ?» እያልኩ ከነፍሴ ጋር ስከራከር አነጋሁ። የመጨረሻው ክርክሬ በጣም ጠንካራ ነበር። እውነትም ሊሆን ይችላል። ግን የሌላው ሰው ጥፋት የእኔን አያጸዳውም።

ከሱብሒ በኋላ መስጂዱ በር ላይ ጠበቅኩት። «ወንድሜ፣ ሞተርህ 700 ሺህ ታወጣለች፤ እኔ ያን ያህል የለኝም» አልኩት። ፊቱ ተለዋወጠ፤ ግዢውን የተውኩት መስሎት ነው የደነገጠው። «ለአባትህ ስንት ጎደለህ?» አልኩት። ያላሰበው ጥያቄ ነበርና መልሱ ቆየ። 160 ሺህ ነበር። በብድር ሰጠሁት፤ ያለ ምንም ጭማሪ። ጻፍነው፣ ሁለት ሰዎች መሰከሩ። በቁርኣን ውስጥ ረጅሙ አንቀጽ፣ በሱረቱል በቀራህ፣ ዕዳን ስለ መጻፍ ነው፤ በወንድማማቾች መሐል ሲሆን ግን እናፍራለን። እኛ አላፈርንም።

ሞተሯ ከሦስት ወር በኋላ ለአንድ የአዳማ ሰው በ640 ሺህ ተሸጠች። ልጁ የቀበቶውን ነገር ለእሱም ነገረው። የእኔን ገንዘብ በዚያው ሳምንት መለሰልኝ። አባቱም አልሐምዱሊላህ ተመልሰው በጀምዓ ከእኛ ጋር ይሰግዳሉ።

አይሱዙ ላይ ስትጫን ቆሜ አየኋት። ቆጨኝ፤ አልዋሻችሁም። አሁንም ከዐስር በኋላ ሐይቁ ዳር ስሄድ ጆሮዬ ያን ድምፅ ይፈልጋል።

ወንድሞቼና እህቶቼ፣ መኪና ይሁን መሬት፣ ወርቅ ይሁን ስልክ፣ ከዋጋው በታች የሆነ ነገር ሲቀርብላችሁ ዕቃውን ከመመርመራችሁ በፊት ዋጋው ለምን እንደረከሰ ጠይቁ። አንዳንዴ መልሱ የሰው እንባ ነው።

አላህ ሪዝቃችንን ሐላልና በረካ ያለው ያድርግልን። ለተቸገረ ደራሽ፣ በግብይታችንም እውነተኞች ያድርገን። አሚን።

ወላሁ አዕለም።