ባልና ሚስት በሰባት ሜትር ጀልባ

ባሕር ዓይቼ የማላውቅ ሰው ስለ ጀልባ ልጽፍ ብዕር ማንሣቴ ሳያስገርማችሁ አይቀርም። እኔንም አስገርሞኛል። ዳሩ ግን ነገሩ ስለ ጀልባ ብቻ አይደለም፤ እስከ መጨረሻው ያነበበኝ ይረዳልኛል።

ባለፈው ወር ከቤተ መጻሕፍታችን ጥግ ሽፋኑ የለቀቀ አንድ የእንግሊዝኛ መጽሐፍ አገኘሁ። የጻፉት ሊን እና ላሪ ፓርዲ የሚባሉ ባልና ሚስት ናቸው። ላሪ ካናዳዊ ነው፤ ሊን ደግሞ አሜሪካዊት ናት። እ.ኤ.አ. በ1965 ካሊፎርኒያ ውስጥ ተገናኙ። ከዚያም ከ3 ዓመት በላይ እንጨት እየጠረቡ በገዛ እጃቸው አንዲት የሸራ ጀልባ ሠሩ፤ ስሟንም ሴራፊን አሏት። በ1968 ውኃ ላይ አወረዷት። በተከታዩም ዓመት ዕቃቸውን ጭነው የሜክሲኮን ጠረፍ ተከትለው ወደ ደቡብ ወረዱ።

የጀልባዋ ርዝመት 7 ሜትር ተኩል ግድም ነው፤ ወርዷ 3 ሜትር አይሞላም። ይህን ባነበብሁ ማግሥት ክፍላችን ባዶ ሲሆን ጠብቄ በእርምጃ ለካሁት። ከጥቁር ሰሌዳው የተነሣችው ጀልባ እኔ ከምቀመጥበት የኋላ ወንበር ሳትደርስ አለቀች። መኝታው፣ ማድ ቤቱ፣ የአናጢ መሣሪያው፣ ሸራው፣ ገመዱ፣ ውኃው ሁሉ እዚያች ውስጥ ነው እንግዲህ! «ወይ ጉድ! እነዚህስ ለይቶላቸዋል» ብዬ ለብቻዬ ሳቅሁ።

ይበልጥ የገረመኝ ግን የጫኑት ሳይሆን የተዉት ነው። ሴራፊን ሞተር የላትም። ሞተር ቦታ ይወስዳል፤ ገንዘብ ይበላል፤ ሲበላሽም መካኒክ ይፈልጋል። እነርሱም በነፋስ ብቻ መሄድን መረጡ። ነፋስ ሲጠፋ በአንድ ረጅም መቅዘፊያ ይገፏታል። መብራታቸውም እንደ አገር ቤቱ የላምባ ፋኖስ ነበር።

«ጠረፍ ጠረፉን መሄድማ ምን ያስፈራል? መሬቱ ይታይ የለም እንዴ?» የሚል አይጠፋም። እኔም ብዬ ነበር። ነገሩ ግን የተገላቢጦሽ ነው። ዐለቱም፣ የአሸዋ ክምሩም፣ ጥልቀት የሌለው ውኃም ያለው ከመሬቱ አጠገብ ነው። ነፋስ ከባሕር ወደ ምድር ሲነፍስ ደግሞ ጀልባዋን እየገፋ ከዐለቱ ጋር ያላትማታል። ስለዚህ የባሕር ካርታ ማንበብ፣ ጫፉ ላይ ክብደት በታሰረበት ገመድ ጥልቀት መለካት፣ መልሕቅ የሚይዝበትን ቦታ መለየት፣ እነዚህ ሁሉ ከመነሣት በፊት የሚጠኑ ናቸው።

ኑሯቸውን በጀልባ ያደረጉ ሰዎች ሌላም ብልሃት አላቸው። በቆርቆሮ የታሸገ ምግብ ላይ ያለው ወረቀት በእርጥበት ይላቀቃል፤ ስለዚህ አስቀድመው ይልጡትና ስሙን በቆርቆሮው ላይ በቀለም ይጽፋሉ። አለበለዚያ ዓሣ ነው ተብሎ ሲከፈት ኮክ ይወጣል። እንቁላል ቶሎ እንዳይበላሽ ቅርፊቱን ቫዝሊን ይቀቡታል። የሚጠጣው ውኃ እንዳያልቅ ሳሕኑን በባሕር ውኃ ያጥባሉ። አስተዋዮቹ ደግሞ ገና ከወደብ ሳይወጡ ጀልባዋ ውስጥ ገብተው ያድራሉ። የጎደለው ምን እንደሆነ፣ የተረፈው ምን እንደሆነ ያኔ ይታያል። ቢኳረፉም እንኳ መሬቱ ቅርብ ነው!

ሳቄን ያቆመው ይኼ የመጨረሻው ነው፤ ታላቅ ወንድሜን አስታወሰኝ።

ወንድሜ መምህር ነው። ተመርቆ ገጠር በተመደበ ሰሞን አገባ። ዘመድ አዝማድ ተረባርቦ ትልቅ አልጋና ባለ መስተዋት ቡፌ ገዛላቸው፤ እናቴማ ያለ ቡፌ ትዳር አይታያትም። ዕቃው በጭነት መኪና ሄዶ መንገዱ ካለቀበት ትንሽ ከተማ ተራገፈ። ከዚያ ወዲያ የ3 ሰዓት የእግር መንገድ ነው። አልጋው ተፈታትቶ በሰው ሸክም ደረሰ። ቡፌው ግን ከአንድ ሻይ ቤት ጓሮ ቀርቶ የመስከረምን ዝናብ ጠጣ። አልጋው ከክፍሏ ከገባ በኋላ ደግሞ ለሁለት ሰው መቆሚያ ጠፋ። ፋኖስ የገዛላቸው ሰው የለም፤ ጀሪካንም እንዲሁ። ምንጩ ምን ያህል ይርቃል? ውኃውንስ ማን ይቀዳል? ብሎ አስቀድሞ ያነሣ አልነበረም። «አንተ'ኮ አልነገርከኝም!» «አንቺስ መቼ ጠየቅሽኝ?» መባባል መጣ። በጥቅምት የወንድሜ ሚስት ወደ እናቷ ቤት ሄደች፤ እስካሁንም አልተመለሰችም። በቤታችን «ገጠሩ ከበዳት» ይባላል። እኔም እንደዚያው ስል ነበር። አሁን ግን እንጃ።

ከሴራፊን ይልቅ የወንድሜ ክፍል ትሰፋለች። ልዩነቱ ሊንና ላሪ ቤታቸውን አብረው መሥራታቸው፣ የሚተዉትንም አብረው መተዋቸው ይመስለኛል። በዚያች ጀልባ 11 ዓመት ኖሩ፤ በስዊዝ ቦይ አልፈው የእኛኑ ጎረቤት ቀይ ባሕርን ሳይቀር ወርደው ዓለምን ዞሩ። በኋላም ሌላ ጀልባ ሠርተው ዳግመኛ ዞሩ። ላሪ በ2020 ሞተ።

እነሆ፣ የእኛም የምደባ ዕጣ ቀርቧል። ከመካከላችን ተጋብተው አብረው ለመሄድ ያሰቡ እንዳሉ ጭምጭምታ ሰምተናል፤ ስም አልጠራም። ለእነርሱም፣ ከጓደኛ ጋር አንድ ክፍል ለምንከራየውም ምክሬ አጭር ነው፦ ከመጫናችሁ በፊት ተቀመጡና ተነጋገሩ።

እኔ በበኩሌ ባለፈው እሑድ፣ ስልክ መደወሉን ብፈራ፣ ለወንድሜ ሚስት ደብዳቤ ጻፍሁ። ተመለሽ አላልኋትም፤ ያን ለማለት እኔ ማን ነኝ? የጠየቅኋት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ይኸውም በዚያች ክፍል ውስጥ ምን ቢኖር ኖሮ ትቆይ እንደ ነበር። መልሷ ከመጣ ሣጥኔን በእርሱ አዘጋጃለሁ፤ ለወንድሜም አሳየዋለሁ።