ከታላቁ ባሕር ያመጣናቸው ፎቶግራፎች

«የማያውቁት አገር አይናፍቅም» ይላሉ አባቶቻችን። ምሳሌው ለብዙ ነገር እውነት ነው፤ በቤተ ክርስቲያን ጥላ ሥር ላደገ ሰው ግን ሁልጊዜ አይሠራም። በልጅነታችን በዲቁና ስናገለግል የቅዱስ ጳውሎስን መልእክታት በቅዳሴ ጊዜ በየተራቸው እናነብ ነበርና፥ ኤፌሶን፥ ቆሮንቶስ፥ ተሰሎንቄ፥ ቀርጤስ የሚሉት ስሞች ከወንዝ ማዶ ካለው መንደር ስም ይልቅ ለአንደበታችን የቀረቡ ነበሩ። ኋላም በዘመናዊው ትምህርት ቤት መልክዐ ምድር ለማስተማር በተመደብን ጊዜ፥ እነዚያኑ ስሞች በካርታ ላይ በበትር እያመለከትን ለልጆች አሳየን። እንዲህ ሆኖ ያላየነውን አገር ሠላሳ ዓመት ያህል ስንናፍቅ ኖርን።

ናፍቆታችን ባለፈው ክረምት ተፈጸመልን። በአቴና ከተማ የምትኖር የእኅታችን ልጅ፥ ትምህርት ቤት በተዘጋበት ወራት እኛንና ባለቤታችንን ጠርታ፥ የሜዲትራኒያን ክፍል በሆነው በኤጂያን ባሕር ላይ የአምስት ቀን የመርከብ ጉዞ እንድናደርግ ወጪውን ቻለችልን። ከተመለስን በኋላ ዘመድና ጎረቤት፥ የሰንበት ትምህርት ቤት ልጆችም ጭምር፥ «ያያችሁትን አሳዩን» አሉን። በስልካችን ውስጥ ከስድስት መቶ የሚበልጥ ፎቶግራፍ ነበረ። ይህን ሁሉ ማሳየት እንግዳን ማስተናገድ ሳይሆን ማድከም ስለሆነ፥ አሥራ ሁለቱን ብቻ መርጠን በወረቀት አሳጠብንና ቡና በተፈላ ቍጥር ከእጅ ወደ እጅ አሳለፍናቸው። ለዚህ መጽሔት አንባቢዎችም ከእነዚያ ጥቂቶቹን በቃል ለመግለጥ እንወዳለን። ዓመተ ምሕረቱን የምንጠቅሰው እንደ አውሮጳውያን አቈጣጠር መሆኑን አስቀድመን እናሳስባለን።

የመጀመሪያው ፎቶግራፍ መርከቢቱ የአቴና ወደብ በሆነው በፒሬዎስ ቆማ ያሳያል። ከሺህ የሚበልጥ መንገደኛ የምትይዝ፥ ፎቅ በፎቅ ላይ የተደራረበባት፥ መዋኛና የሙዚቃ አዳራሽ ያላት መርከብ ነበረች። በሐዋርያት ሥራ በ27ኛው ምዕራፍ እንደምናገኘው፥ ቅዱስ ጳውሎስ እስረኛ ሆኖ ወደ ሮሜ ሲወሰድ የተሳፈረባት መርከብ 276 ነፍስ ይዛ ነበር፤ እነርሱም በማዕበል እየተንገላቱ ዐሥራ አራት ሌሊት አሳለፉ። እኛ ግን በቀን ሦስት ጊዜ በተዘረጋ ማዕድ ፊት እንቀመጥ ነበር። ረቡዕ ዕለት ባለቤታችን ዳቦና ወይራ ብቻ አንሥታ ስትቀመጥ፥ አንድ በዕድሜ የገፉ ግሪካዊ አስተናጋጅ አይተው «ኒስቲሲማ?» ብለው ጠየቋት። ቃሉ በግሪክ ቋንቋ የጾም ምግብ ማለት ነው። «አዎን» ባልናቸው ጊዜ ወደ ማድ ቤት ገብተው በዘይት የተሠራ ባቄላና ቲማቲም ይዘውልን መጡ። ዓርብ ጧትም ከመርከብ ልንወርድ ስንል ማንም ሳይጠይቃቸው ዳቦና ማር አቀረቡልን። በቋንቋ ሳንግባባ በጾም ተግባባን።

ሁለተኛው ፎቶግራፍ የኤፌሶን ቴአትር ነው። ኤፌሶን ዛሬ በቱርክ አገር ውስጥ ናት፤ መርከብ የሚቆመው ኩሻዳሲ በሚባል ወደብ ሲሆን፥ ከዚያ በመኪና ይኬዳል። ቴአትሩ በተራራ ጎን ላይ የተሠራ፥ 25,000 ያህል ሰው የሚይዝ የድንጋይ መቀመጫ ነው። ብር ሠሪው ድሜጥሮስ ያስነሣው ሕዝብ የአርጤምስን ስም እየጠራ ሁለት ሰዓት ያህል የጮኸው በዚህ ስፍራ ነው። ከጥንቱ ዓለም ሰባት ድንቅ ሥራዎች አንዱ ከነበረው ከአርጤምስ ቤተ መቅደስ ግን ዛሬ ቆሞ የሚታየው፥ ስብርባሪው ተሰብስቦ የተተከለ አንድ ዓምድ ብቻ ነው።

ከቴአትሩ ፊት በድንጋይ የተነጠፈ ሰፊና ቀጥ ያለ መንገድ ይነሣል። ጥንት ወደ ወደቡ የሚያወርድ ነበረ፤ ዛሬ መጨረሻው ሣርና ቍጥቋጦ ነው። ወንዙ ከላይ አገር አፈር እያመጣ ወደቡን ስለ ደፈነው፥ ባሕሩ ብዙ ኪሎ ሜትር ርቆ ሄዷል፤ ከተማዪቱም ንግዷን አጥታ ባዶዋን ቀረች። ይህን ፎቶግራፍ በክፍል ውስጥ አሳይተን፥ «ከተማን የሚያጠፋት ጠላት ብቻ አይደለም፤ ከተራራ የሚታጠብ አፈርም ያጠፋታል» ስንል፥ አንድ ተማሪ ተነሥቶ «ታዲያ ዓባይ የእኛን አፈር ወዴት ይወስደዋል?» ብሎ ጠየቀ። መልካም ጥያቄ ነበረና የዚያን ቀን ትምህርት በእርሱ ጨረስን።

ሦስተኛው ፎቶግራፍ ሰው የሌለበት ነው። መንገደኛው ሁሉ የኬልሱስን ቤተ መጻሕፍት ውብ ፊት ለማንሣት ሲጋፋ፥ እኛ ወደ ሰሜን በር አጠገብ ወዳለው የእመቤታችን ቤተ ክርስቲያን ፍራሽ አቀናን። በ431 ሁለት መቶ ሊቃውንት ብለን የምንጠራቸው አባቶች የተሰበሰቡበት ስፍራ ይህ መሆኑ ይነገራል። የእስክንድርያው ሊቀ ጳጳስ ቅዱስ ቄርሎስ የንስጥሮስን ትምህርት የተቃወመበት ጉባኤ፥ እመቤታችን ወላዲተ አምላክ ተብላ እንድትጠራ ያጸና፥ ቤተ ክርስቲያናችንም ከምትቀበላቸው ከሦስቱ ዓለም አቀፍ ጉባኤያት የመጨረሻው ነው። አሁን ያለው ግን የተሰባበረ ዓምድ፥ ጣራ የሌለው ግድግዳና በድንጋዩ መካከል የበቀለ ሣር ነው። በዚያ ፍራሽ መካከል ግማሽ ሰዓት ያህል ስንቀመጥ አንድም ጐብኚ አልመጣም። ባለቤታችን ነጠላዋን አጣፍታ፥ እናቷ በየቀኑ የሚደግሙትን ውዳሴ ማርያም በቀስታ አደረሰች። ቃሉ የተነገረበት ቤት ፈርሶ ሳለ፥ ቃሉ ግን በሀገራችን በየጎጆው ሲነገር መኖሩን ስናስብ ልባችን ተነካ። ይህን ፎቶግራፍ ያዩ ሰዎች ሁሉ «ይህ ፍራሽ ምንድን ነው?» ይሉናል፤ እኛም ከሌሎቹ ሁሉ አብልጠን የምንተርከው ይህንኑ ነው።

በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ መርከባችን ወደ ፍጥሞ ደሴት ደረሰች። ፍጥሞ ትንሽ፥ ድንጋያማና ዛፍ የበዛባት ያልሆነች ደሴት ናት። በኮረብታው ራስ ላይ በ1088 በአባ ክርስቶዱሎስ የተመሠረተው የቅዱስ ዮሐንስ ገዳም እንደ ምሽግ ቆሟል፤ ከወደቡ ወደ ገዳሙ በሚወጣው መንገድ መካከልም ሐዋርያው ራእዩን ያየበት ነው የሚባለው ዋሻ አለ። ከግሪኮች ጋር በ451 ከተደረገው ከኬልቄዶን ጉባኤ ወዲህ በቁርባን ባንተባበርም፥ ጠባቂው መነኵሴ እጅ ነሥተው አስገቡን። በዚያ ፎቶግራፍ ማንሣት ክልክል ነው። መንገደኛው ሁሉ ስልኩን ወደ ኪሱ ከተተ፤ ወዲያውም ዝምታ ሆነ። ጣራው ዝቅ ያለ ዐለት ነው፤ ዐለቱም በሦስት ተሰንጥቋል፤ በትውፊት ሐዋርያው ድምፁን የሰማው ከዚያ ስንጥቅ ነው ይላሉ። የመብራቱን ዘይትና የዕጣኑን ሽታ፥ በእጅ ብዛት የለሰለሰውን ድንጋይ እስከ ዛሬ አንረሳም። ልጆች «የዋሻው ፎቶግራፍ የታለ?» ሲሉን «የለም፤ ቁጭ በሉና እንንገራችሁ» እንላቸዋለን።

የቀሩትን ወደቦች በአጭሩ እናልፋቸዋለን። ሩድ የተባለችው ደሴት ከ1309 እስከ 1522 የገዟት ፈረሰኞች የሠሩት የድንጋይ ቅጥር ያላት ናት፤ ሊንዶስ በሚባለው መንደርም ቅዱስ ጳውሎስ ያረፈበት ነው የሚሉት ክብ የሆነ ትንሽ የባሕር ወሽመጥ አለ። በቀርጤስ፥ በሄራክሊዮን ከተማ፥ ጳውሎስ በደሴቲቱ የሾመው የቲቶ ቤተ ክርስቲያን ይገኛል፤ የሐዋርያው ደቀ መዝሙር ራስ አፅም ለብዙ ዘመን በቬኒስ ከተቀመጠ በኋላ በ1966 ወደዚሁ ተመልሷል። በመጨረሻ ያየናት ሳንቶሪኒ ናት፤ ጥንት እሳተ ገሞራ ያፈረሳት ደሴት ስትሆን፥ ነጫጭ ቤቶቿ በገደል አፋፍ ላይ ተሰድረዋል። ፀሐይ ስትጠልቅ ለማንሣት እጃችንን ብንዘረጋ፥ ያገኘነው በሺህ የሚቈጠር የሰው ጀርባና ወደ ላይ የተዘረጋ ስልክ ነው። እርሱንም አሳጥበነዋል፤ ያየ ሁሉ ይሥቃል።

አሁን ወደ መጨረሻው ፎቶግራፍ እንምጣ። በውስጡ ከውኃና ከሰማይ በቀር ምንም የለም። ከሳንቶሪኒ ስንመለስ ጎሕ ሲቀድ ከመርከቢቱ ሰገነት ላይ አነሣነው። ባሕሩ እንደ ዘይት የረጋ ነበረ። ተመልካቹ ሁሉ ይህን ፎቶግራፍ ቶሎ ያልፈዋል።

አንድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ በሰፈራችን የሚኖሩ አንዲት እናት ከሌሎች ጎረቤቶች ጋር መጥተው ነበር። ልጃቸው ከሰባት ዓመት በፊት በሱዳን በኩል ወደ ሊቢያ ወርዶ፥ «ዛሬ ሌሊት ጀልባ ልንሳፈር ነው» ብሎ ከደወለላቸው ወዲህ ድምፁ ጠፍቷል። መርከቢቱን፥ ቴአትሩን፥ ገዳሙን ሁሉ በዝምታ አዩ። ባዶው ባሕር እጃቸው ላይ ሲደርስ ግን አላሳለፉትም።

«መምህር፥ ይህ ውኃ ልጄ የገባበት ውኃ ነው?» አሉን።

«ባሕሩ አንድ ነው፥ እናቴ፤ እርሱ የሄደበት ወገን ግን ከዚህ በስተ ደቡብና በስተ ምዕራብ ነው» አልናቸው።

«የእናንተ መርከብ ሌሊት መብራት ነበራት?»

«ነበራት።»

«የእነርሱማ አይኖራትም» አሉና ዝም አሉ።

ጥቂት ቆይተው እንዲህ አሉን፤ «ሞቷል ብዬ ፍትሐት እንዳላስፈታ፥ ተዝካር እንዳላወጣ፥ በሩን ከፍቶ ቢገባስ እላለሁ። አለ ብዬ እንዳልጠብቅ ሰባት ዓመት ሆነ። እስቲ ይህን ይስጡኝና ከሥዕለ አድኅኖዋ ሥር ላኑረው። ለእርሱ ስጸልይ ዓይኔን የማሳርፍበት የለኝም።» ፎቶግራፉን ሰጠናቸው። በነጠላቸው ጫፍ ጠቅልለው ወሰዱት።

ይህን የምንጽፈው አንባቢን ለማሳዘን አይደለም፤ ነገሩ የአንድ ቤት ብቻ ስላልሆነ ነው። ከ2014 ወዲህ በሜዲትራኒያን ባሕር የሞቱና የጠፉ ስደተኞች ቍጥር ከ30,000 እንደሚበልጥ ዓለም አቀፉ የፍልሰት ድርጅት መዝግቧል። የጳውሎስ መርከበኞች በዐውሎ ነፋስ ተይዘው ሳሉ እንዳይወድቁበት የፈሩት ስርቲስ የተባለው ስፍራ፥ የዛሬው የሊቢያ የባሕር ወሽመጥ ነው። በ2015 በሚያዝያ ወር በሊቢያ ምድር በክርስትናቸው ምክንያት በግፍ ከተገደሉት ኢትዮጵያውያን መካከልም፥ ይህንኑ ባሕር ተሻግረው እንጀራ ለመፈለግ የወጡ ነበሩ። በሐዋርያት ሥራ ስናነብበው የኖርነው ባሕርና የጎረቤታችንን ልጅ የወሰደው ባሕር አንድ መሆኑን፥ በካርታ ላይ ስናስተምር የኖርን ቢሆንም፥ እንደዚያ እሑድ ተሰምቶን አያውቅም።

እንግዲህ በመጀመሪያ ወደ ጠቀስነው ምሳሌ እንመለስ። የማያውቁት አገር አይናፍቅም መባሉ ለቀድሞው ዘመን ነበረ፤ በእኛ ዘመን ፎቶግራፍ ያላወቁትን አገር ያስናፍቃል። አንድ ወጣት በውጭ አገር በሰው መኪና አጠገብ ቆሞ፥ ስቆ የተነሣውን ፎቶግራፍ ወደ ቤቱ ሲልክ፥ ታናሽ ወንድሙ የሚያየው መኪናውንና ሣቁን ነው። ያደረበትን ክፍል፥ የሠራውን የሌሊት ሥራ፥ የተሻገረውን በረሃ ፎቶግራፉ አይናገርም። እኛም በሰው ወጪ አምስት ቀን በምቾት ተጉዘን የተመለስን ሰዎች፥ የማዕዱንና የመዋኛውን ፎቶግራፍ ብቻ ብናሳይ፥ ልጆቻችን ባሕርን የደስታ ስፍራ ብቻ አድርገው ባሰቡት ነበር።

ስለዚህ ከሩቅ አገር የሚመለስም ሆነ በሩቅ አገር ሆኖ ፎቶግራፍ የሚልክ ሁሉ፥ ሥዕሉን ያለ ቃል ባይሰድ መልካም ነው እንላለን። ጥቂት ያሳይ፤ ያሳየውንም ይተርክ። ፊቱ ያለበትን ብቻ ሳይሆን ፍራሹንም ያሳይ፤ ያላነሣውንም ይናገር። ወላጆችም ከልጆቻቸው ጋር ተቀምጠው፥ «ከዚህ ፎቶግራፍ ውጭ ምን አለ?» ብለው ይጠይቋቸው። ይህ ጥያቄ ልጅን ከጉዞ አያስቀረውም፤ የሚሄድበትን አውቆ እንዲሄድ ወይም አውቆ እንዲቀር ይረዳዋል እንጂ።

በቅዳሴ ስለ መንገደኞች በሚጸለይበት ጊዜ፥ ቀድሞ በሐሳባችን የሚመጣው በየብስ የሚሄድ ነጋዴ ነበረ። አሁን ግን መብራት በሌላት ጀልባ ላይ ያሉትን እናስባለን። አንባቢዎቻችንም ከእኛ ጋር እንዲያስቧቸው በትሕትና እንለምናለን።