ቆሞ የከረመ ሞተር



ቆሞ ስለከረመ ነገር ስናወራ ብዙ ጊዜ ከሁለት ቃል አናልፍም። ወይ «አበቃለት» እንላለን፣ ወይ «ጠንከር ብላችሁ ሞክሩት» እንላለን። ስለ ዕቃ እንዲህ እንላለን፤ ስለ ሰውም እንዲሁ። ዛሬ ልናካፍላችሁ የምንወደው ግን ከሁለቱም የተለየ ሦስተኛ ቃል ነው። ያገኘነውም በቤተ ክርስቲያናችን ዕቃ ቤት ውስጥ ከነበረ አንድ ዶቅዶቄ ነው።

እኛ በሀድያ፣ ከሆሳዕና ወጣ ብላ ባለች አጥቢያ የወንጌል ስርጭት ክፍሉን የምናገለግል ሦስት ሰዎች ነን። አጥቢያችን 18 ኪሎ ሜትር ርቃ ባለች ቀበሌ አንዲት የስርጭት ጣቢያ አላት። ወንጌላዊው በዚህ ዶቅዶቄ እየሄደ እዚያ ያሉትን ቅዱሳን ያስተምር፣ የታመሙትን ይጎበኝ ነበር። ለመጽሐፍ ቅዱስ ትምህርት ወደ ኮሌጅ ሲላክ ግን መንጃ ፈቃድ ያለው ሌላ አገልጋይ ስላልነበረ ሞተሩ ዕቃ ቤት ገባ። ሁለት ክረምት አለፈበት።

ዘንድሮ አዲስ ወንጌላዊ ተመደበልን፤ መንጃ ፈቃድም አለው። ሞተሩ ግን አልነሳ አለ። በእግር መንገዱ ወደ አራት ሰዓት ይፈጃል፤ ክረምት ሲገባ ደግሞ ጭቃው አያስኬድም። በአጥቢያው ስብሰባ ላይ «ዶቅዶቄውን ለቆራሌ እንሽጠው፣ የስርጭት ጣቢያዋም ለጊዜው ትቆይ» የሚል ሐሳብ ቀረበ። ውሳኔው ለሁለት ሳምንት ተቀጠረ። በእነዚያ ሁለት ሳምንታት ሞተሩ ካልተነሳ፣ ቆሞ የሚቀረው ሞተሩ ብቻ አልነበረም።

ወጣቶቹ ጉልበታቸውን አልሰሰቱም። ላብ እስኪያጠምቃቸው ተራ በተራ ማስነሻውን ረገጡት። «ቁልቁለት ወስደን እየገፋን እናስነሳው» ያለም ነበረ። ሞተሩ ግን ድምፅ እንኳ አልሰጠም።

እኛም በከተማው ዳር ትንሽ ጋራዥ ወዳላቸው አንድ አባት ሄድን። ከዓመታት በፊት በአጥቢያችን ሽማግሌ ሆነው ያገለግሉ ነበር። ባለቤታቸው ወደ ጌታ ከሄዱ በኋላ ግን ወደ ኅብረቱ መምጣት አቁመዋል። «ጋሼ፣ እባክዎ አንዴ ይዩልን» አልናቸው። ካቻቢቴ፣ ፒንሳና የካንዴላ ቁልፍ ይዘው መጡ። ወጣቶቹ ሲረግጡ ጥቂት ተመለከቱና፣ «መርገጡን ተዉት፣ ልጆች። ቆሞ የከረመ ሞተር ጉልበት አይደለም የሚፈልገው፤ ጠያቂ ነው» አሉ።

ከዚያም መጠየቅ ጀመሩ። ሞተር ለመነሳት አራት ነገር እንደሚፈልግ ነገሩን፤ እሳት፣ እመቃ፣ አየርና ቤንዚን። አንዱ ከጎደለ የቀሩት ሦስቱ ብቻቸውን አያስነሱትም። ስለዚህ የጎደለው የትኛው እንደሆነ በተራ መጠየቅ ያስፈልጋል። መጀመሪያ ቀላሉን አዩ። ቁልፉ ተከፍቷል? በቀኝ መሪው ላይ ያለው ቀዩ ማጥፊያስ? ሁለቱም ደህና ነበሩ።

ቀጥለው ካንዴላውን ፈቱ። ጥላሸቱን በሽቦ ብሩሽ ጠርገው መልሰው ከገመዱ ጋር አያያዙት። ከሲሊንደሩ ቀዳዳ አርቀውም ጎማ እጀታ ባለው ፒንሳ ከሞተሩ ብረት ጋር አስነኩትና አንዱን ወጣት ማስነሻውን እንዲረግጥ አዘዙት። ሰማያዊ ብልጭታ ታየ። ባትሪው ሞቷል፤ የዚህ ዶቅዶቄ ብልጭታ ግን ሞተሩ ራሱ ሲዞር የሚመነጭ ነው። «እሳቱ አለ» አሉ።

በካንዴላው ቀዳዳ አንድ የሻይ ማንኪያ የሞተር ዘይት አፍስሰው ማስነሻውን በእጃቸው ቀስ እያሉ አዞሩት። «ውስጡ ደርቆ የከረመን ነገር በድንገት ብታንገጫግጨው ይፋፋቃል» አሉን። ቀዳዳውን በአውራ ጣታቸው ሲይዙት እየታመቀ የመጣው አየር ጣታቸውን ገፍቶ አስለቀቃቸው። እመቃውም አለ። የአየር ማጣሪያውን ሲከፍቱ ደግሞ አይጥ ጎጆ ሠርታበት አገኙ። ጎጆው በሙሉ የሰንበት ትምህርት ወረቀት ቁርጥራጭ ነበር። ሁላችንም ሳቅን፤ እርሳቸውም ሳቁ። ያ ተጠርጎ ወጣ።

የመጨረሻው ቤንዚኑ ነበር። ታንከሩን ሲከፍቱት የቤንዚን ሽታ የለውም፤ እንደ አሮጌ ቫርኒሽ ይከረፍፋል። ቤንዚን ለረጅም ጊዜ ሲቀመጥ ቶሎ የሚቀጣጠለው ቀላል ክፍሉ ይተናል። የቀረው ከአየር ጋር እየተዋሐደ እንደ ሙጫ ይወፍራል። አሮጌውን ከእሳት ርቀው፣ መሬት ላይ ሳያፈስሱ፣ ወደ ጀሪካን ቀዱት። ካርቡራተሩን ሲፈቱት ታችኛው ሳህን በቢጫ ሙጫ ተሸፍኗል። ከውስጡ አንዲት ትንሽ የነሐስ ቱቦ ነቅለው ወደ ፀሐይ አነሷት። ሞተሩ ቀስ ብሎ ሲዞር ቤንዚን የሚያገኘው በእርሷ ቀዳዳ ነው፤ ስፋቷ ግማሽ ሚሊ ሜትር እንኳ አይሞላም። ብርሃን አላሳለፈችም።

ወገኖች ሆይ፣ ሁለት ክረምት ሙሉ ያንን ሁሉ ብረት ያቆመው ይህ ነበር። የዘጋውም ከውጭ የገባ ጠላት አይደለም። በአንድ ወቅት ሞተሩን ያንቀሳቅስ የነበረው ያው መልካሙ ቤንዚን ነው። ሲቆይ ተለወጠ።

በዘጸአት 16 ላይ እስራኤል ስለሰበሰቡት መና እናነባለን። ከሰማይ የወረደ፣ ጥሩ ምግብ ነበር። ሰዎች እግዚአብሔር ከነገራቸው ውጭ ለነገ ባሳደሩት ጊዜ ግን ተላ፣ ሸተተም። የአንድ ቀን ጸጋ ለዚያ ቀን ነው። ከአሥር ዓመት በፊት የሰጠነው ምስክርነት፣ ያኔ የነበረን የጸሎት ትጋት፣ ያኔ ያገለገልንበት መድረክ ሁሉም እውነተኛ ነበር። ዛሬ ትኩስ ነገር ሳይጨመርበት በውስጣችን ሲቀመጥ ግን መተላለፊያችንን ይዘጋል። «እኔ እኮ ድሮ…» የሚለው ወሬ ስንት ጊዜ ለዛሬው ጸሎት ቦታ አሳጥቶናል?

ጋሼ ቱቦዋን በንጹሕ ቤንዚን ዘፈዘፏት። ከኤሌክትሪክ ገመድ ውስጥ አንዲት የመዳብ ክር መዝዘው በቀስታ አሳለፉባት። አንዱ ወጣት ወፍራም ሽቦ ሲያቀብላቸው አልተቀበሉትም። ነሐስ ለስላሳ ነው፤ ቀዳዳው ከሰፋ ልኩ ይጠፋል። ከዚያ በጎማ መንፊያ ነፉባት። ይህን ደጋግመው ግማሽ ሰዓት ፈጀባቸው። ያን ጊዜ ነው፣ ቀና ሳይሉ፣ እንዲህ ያሉን፦ «እኔ ለቅሶ ላይ ሳለሁ የመጣው ሁሉ ‹ይበርቱ› ይለኝ ነበር። ‹ምኑ ላይ ነው የያዘዎት?› ያለኝ ሰው ግን አልነበረም።»

ማንም መልስ አልሰጠም። እርሳቸውም መልስ የፈለጉ አይመስሉም ነበር። ቱቦዋን እንደገና ወደ ፀሐይ አነሷት፤ የመርፌ ቀዳዳ የምታህል ብርሃን ታየች።

በዘፍጥረት 26 ይስሐቅ አባቱ አብርሃም ያስቆፈራቸውንና ፍልስጥኤማውያን አፈር የሞሉባቸውን ጉድጓዶች እንደገና አስቆፈረ። ውኃው ከሥር ነበረ። የሚያስፈልገው አፈሩን የሚያወጣ ሰው ነበር። በዮሐንስ 5 ደግሞ ጌታ ኢየሱስ 38 ዓመት በሕመም የቆየውን ሰው በመጠመቂያው አጠገብ አገኘው። ከሁሉ አስቀድሞ ያደረገው ምን ነበር? ሰውየውን ጠየቀው። ጌታችን ጠያቂ ነው፤ በሁለቱም ትርጉሙ። የተኛውን ሊጠይቅ ይመጣል፤ መጥቶም ይጠይቀዋል።

ካርቡራተሩ ተገጠመ፣ አዲስ ቤንዚን ተቀዳ፣ ቾኩ ተሳበ። በስድስተኛው እርግጫ ሞተሩ ተነሳ። ያ ዘይት እስኪቃጠል ድረስ ነጭ ጭስ ግቢውን ሸፈነው፤ ከዚያ ጠራ። ወጣቶቹ እልል አሉ። አንዱ ወዲያው ሊነዳው ሲል ግን ጋሼ ቁልፉን ነቀሉት። ጎማው ተሰነጣጥቋል፣ ፍሬኑ ይዟል፣ ሰንሰለቱ ዝጓል፣ የሞተር ዘይቱም መቀየር አለበት። «ተነሣ ማለት ለመንገድ በቃ ማለት አይደለም» አሉ። ሁለት ቀን ተጨማሪ ሠሩበት። ከቆይታ በኋላ የተመለሰን ወንድም በሳምንቱ መድረክ ላይ ለምናቆም ለእኛ ለቤተ ክርስቲያን ሰዎች ይህ ቃል ከባድ ነው።

ስብሰባው ዶቅዶቄው እንዳይሸጥ ወሰነ። ወንጌላዊው ክረምቱ ሳይገባ የስርጭት ጣቢያዋን ሦስት ጊዜ ጎብኝቷል። ጋሼ በተከተለው እሑድ ወደ ኅብረት አልመጡም፤ እኛም አልጎተጎትናቸውም። ማክሰኞ ማክሰኞ ወደ ጋራዣቸው እንሄዳለን። ሻይ እንጠጣለን፣ ስለ ባለቤታቸው ያጫውቱናል፣ እኛም እንጠይቃለን። ባለፈው ሳምንት ልንነሳ ስንል «ቆዩ፣ ዛሬ እኔ ልጸልይ» አሉ። ጸሎታቸው ከሁለት ዓረፍተ ነገር አልበለጠም።

እናንተ ይህን የምታነቡ፣ ምናልባት በቤታችሁ ወይም በአጥቢያችሁ ቆሞ የከረመ ሰው አለ። «አበቃለት» አትበሉት። «በርታ» እያላችሁም አትርገጡት። ሂዱና ጠይቁት። እናንተ ራሳችሁ ቆማችሁ ከሆነ፣ ወይም ጌታን ገና እየፈለጋችሁ ከሆነ፣ በራሳችሁ ላይ ጉልበት መጨመሩን ለዛሬ ተዉትና አንድ ጥያቄ ብቻ በጌታ ፊት አስቀምጡ፦ «ምኑ ላይ ነው የተዘጋሁት?»

እንጸልይ። ጌታ ሆይ፣ በውስጣችን የቆየውንና የተለወጠውን ነገር አሳየን። የዛሬውን ጸጋ ዛሬ ስጠን። ለቆሙት ወንድሞቻችንና እኅቶቻችን እንደ አንተ ጠያቂዎች አድርገን። በኢየሱስ ስም፣ አሜን።