ባጃጁን ሸጦ የተሞሸረው

የደሴ ወሬ እግሩ ፈጣን ነው። ጠዋት ፒያሳ የተወራ ነገር ለዙህር ሰላት ሸዋ በር ደርሶ ይጠብቅዎታል። ሰሞኑን የሰማነው ግን ለማመን የሚያስቸግር ነበር።

በሰፈራችን ባጃጅ እየነዳ እናቱንና ሁለት እህቶቹን የሚያስተዳድር ወጣት አለ። ለሠርጉ ብሎ ባጃጁን ሸጠ። ይህ ብቻ ቢሆን ባልገረመን! ሠርጉ ካለፈ በሦስተኛው ሳምንት ያችኑ ባጃጅ ከገዛው ሰው ተቀብሎ፣ በየማታው ገቢ እያስገባ በቅጥር መንዳት ጀመረ። ከኋላዋ «ማሻአላህ» የሚለውን ጽሑፍ ያስጻፈባት እርሱ ራሱ ነበር። ሱብሐነላህ!

ገንዘቡ የት ገባ ቢሉ፣ ለአዳራሽና ለማስዋቢያው፣ ለአምስት የኪራይ መኪኖች፣ ለአንድ ቀን ለተከራየ ቬሎ፣ ለቪዲዮ፣ ለሁለት በሬ። መኪኖቹ ክላክስ እያሰሙ ከቧንቧ ውሃ ሆጤ ሁለት ጊዜ ተመላልሰዋል። ለሙሽራዪቱ የተሰጣት መህር ግን ለቪዲዮው ከተከፈለው ያንሳል አሉ። እኔን ከባጃጁ ይልቅ ያስደነገጠኝ ይህ ነው። መህር የእርሷ ሐቅ ነው፤ በእጇ ገብቶ በችግር ቀን የሚደርስላት። ቪዲዮውን ስንት ጊዜ ያዩታል?

ይህ ሁሉ የሆነው ደግሞ በጥጋብ ዘመን አይደለም። በ2014 ዓ.ም. የመጀመሪያ ወራት ደሴ በጦርነቱ ተይዛ ስትዘረፍ ሱቁ ባዶ ከቀረበት ነጋዴ ስንቱ ገና አላገገመም። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው አንድ ዶላር በዚያው ቀን ከ74 ብር በላይ ሆነ፤ ወር ሳይሞላው 100 ብርን አለፈ። ዘይቱም፣ የባጃጁ ጎማም፣ ቬሎውም ከውጭ የሚመጣ ነው። የመምህር ደመወዝ እንዴት እንደሚከተላቸው እኔን አይጠይቁኝ።

ኑሮ ሲከብድ ድግሱ ይቀንሳል ብለን እንጠብቅ ይሆናል። በዓይኔ የማየው ግን ተቃራኒውን ነው። ያለው ሰው በግ አርዶ ቢያበላ ማን ምን ይለዋል? የጎደለበት ግን «ወደቀ» እንዳይባል ይደግሳል። ወጣቱም ስጦታው ባጃጁን ይመልስልኛል ብሎ ተማምኖ ነበር ይባላል። እንግዶቹ ግን እንደ እርሱው ኑሮ የተወደደባቸው ናቸው፤ ከየት ያምጡ?

ነገሩ እኛም ቤት ገብቷል። ታናሽ ወንድሜ ኒካሕ ሊያስር ነው፤ ጓደኞቹ አዳራሽ ካልተያዘ ብለዋል። እኔም በመድረሳ የተማርነውን አነሳሁ። ዐብዱረሕማን ኢብን ዐውፍ (ረ.ዐ.) ንብረቱን መካ ትቶ መዲና ገባ፣ ገበያ ወርዶ ነገደ፣ አገባም፤ ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) በአንድ በግም ቢሆን ወሊማ እንዲያደርግ ነገሩት። የእርሳቸውና የእናታችን ሶፊያ ወሊማማ ሥጋም ዳቦም ያልነበረበት፣ ቴምርና ቅቤ የቀረበበት ነው። (ዛሬ የበጉም ዋጋ ቀላል አለመሆኑን አልካድኩም።)

እናቴ እስከ መጨረሻው አዳመጠችኝና፣ «አንተ ልጅ፣ እኔኮ ሠላሳ ዓመት የጎረቤት ድግስ ስበላ ኖሬአለሁ። ዛሬ በእኔ ተራ በሬን ልዝጋ?» አለችኝ። ይህ የከንቱ ሴት ንግግር አይደለም። እናቴ ውለታ ነው የምትቆጥረው፤ ለዚህ ደግሞ ኪታብ ገልጬ የምሰጣት መልስ ቶሎ አልመጣልኝም።

መልሱ የመጣው ከልጅቱ ነው። በአክስቷ በኩል «አዳራሹ ይቅርና ገንዘቡ መህሬ ላይ ይጨመር፤ የልብስ ስፌት መኪና እገዛበታለሁ» ብላ ላከች። እናቴ ዝም አለች። ቡናው ሁለተኛ ከወረደ በኋላ፣ ጎረቤት ሁሉ በግቢያችን ድንኳን ውስጥ ቢበላ በጉ ስንት ይበቃል ብላ ጠየቀችኝ። እኔ ሁለት አልኩ፤ እርሷ አራት ትላለች። ገና እየተከራከርን ነው።