ዳገቱ አልነበረም

ቡይት ራስ ላይ ሰው ሲያለከልክ ማየት ብርቅ አይደለም። ከፍታው ከ3000 ሜትር በላይ ነው፤ ከደባርቅ የወጣ እንግዳ ሁሉ ትንፋሽ ያጥረዋል። እናቴ ግን እዚያው ተወልዳ እዚያው ያረጀች ናት። ያን ሰሞን ተኝታ እንኳ ስታለከልክ «ዳገቱ ነው፣ እርጅና ነው» አልን። እኔ የኬሚስትሪ መምህሩ ጭምር!

ስኳር አለባት። የእግሯ ቁስል መግል ቋጥሮ ሆስፒታል ስናደርሳት ቶሎ ቀዶ ጥገና ያስፈልጋታል ተባለ። ሰመመን ሰጪው ግን «አሁን አላስተኛቸውም፣ ጥቂት ሰዓት ስጡኝ» አለ። ታናሽ ወንድሜ ጮኸ። እኔም «እስክትሞት ነው የምትጠብቀው?» አልኩት።

ልጁ አልተቆጣም። «መምህር፣ ምንድን ነው የሚያስተምሩት?»

«ኬሚስትሪ።»

«እንግዲያው ይገባዎታል። እናትዎ የሚያለከልኩት ደማቸው ውስጥ የበዛውን አሲድ በትንፋሽ ለመቀነስ ነው። በጋዝ ሳስተኛቸው ትንፋሻቸው ይዳከማል። ማሽኑም እሳቸው አሁን የሚተነፍሱትን ያህል መተንፈስ ይከብደዋል። ያኔ አሲዱ ይብሳል፣ ልባቸው ላይችለው ይችላል።»

ዝም አልኩ። የጤነኛ ሰው የደም ፒኤች ከ7.35 እስከ 7.45 መሆኑን ስንት ዓመት ሰሌዳ ላይ ጽፌያለሁ! ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከውኃ ጋር ካርቦኒክ አሲድ እንደሚሠራም አስተምራለሁ። ሃሎቴንም በሉት አይሶፍሉሬን፣ ሰውን የሚያስተኛው ጋዝ ትንፋሽን ስለሚያዳክም ካርቦን ዳይኦክሳይዱ ደም ውስጥ ይጠራቀማል። ከፍታ ላይ የሚያለከልክ እንግዳ ደሙ ወደ ቤዝ ያደላል። የእናቴ ግን ተቃራኒው ነበር፤ ኢንሱሊን ያጣ ሰውነቷ ስብ እያቃጠለ አሲድ ያመርታል፣ ሳንባዋ ደግሞ ሊደርስበት ይሯሯጣል። ሲያዩት ያው ማለክለክ ነው፤ ምክንያቱ ግን ሌላ።

ፈሳሽና ኢንሱሊን በደም ስሯ ሲሰጣት አደረ። ትንፋሿ ረገብ ሲል ወደ ቀዶ ጥገና ክፍል አስገቧት። ሁለት የእግር ጣት አጣች። እናቴ ግን ይኸው አለች፣ ቡና ታፈላለች።

ወዳጆቼ፣ ስኳር ያለበት ሰው ቁጭ ብሎ ሲያለከልክ፣ ሲያስመልሰው፣ ውኃ ውኃ ሲል ካያችሁ «ዳገቱ ነው» አትበሉ። የዚያኑ ዕለት ሐኪም ቤት አድርሱት።

አንተም ወንድሜ፣ ይህን ካነበብክ ይቅርታ። ያን ቀን መምህሩ አንተ ነበርክ።