የሁሩሙ ዝናብና የጓሮ ዶሮ

ከአዲስ አበባ ተነስቶ በጅማና በበደሌ በኩል ወደ መቱ የሚያመራ መንገደኛ፣ ያዮን አልፎ መቱ ከመድረሱ በፊት ሁሩሙን ያገኛል። ኢሉባቦር የደንና የዝናብ አገር ነው። የሁሩሙን ወረዳ በከፊል የሚያካትተው የያዮ የቡና ደን በ2002 ዓ.ም. በዩኔስኮ የተመዘገበ፣ ቡና በተፈጥሮው ከዛፍ ጥላ ሥር የሚበቅልበት ጥብቅ ስፍራ ነው። የመንገደኛው ዓይን በደኑ ላይ ይቀር ይሆናል፤ የቤት እመቤት ግን በየጓሮው የሚጭሩትን ዶሮዎች ሳታይ አታልፍም።

ቡና በዓመት አንድ ጊዜ ይለቀማል፤ እንቁላል ግን በየሳምንቱ ገበያ ይወጣል። ገንዘቡም አብዛኛውን ጊዜ በእናት እጅ ስለሚገባ፣ የጨው፣ የሳሙናና የደብተር መግዣ እርሱ ነው። ዶሮ ሲያልቅ የሚራቆተው የእናት መቀነት ነው ማለት ነው። ዶሮ ማርባት የጀመረች የከተማ እናት የምትጠይቃቸውን ጥያቄዎች የሁሩሙ አየር አጥብቆ ይጠይቃል።

«ቤቱ እንዴት ይሠራ?» ዝናብ በሚበዛበት ስፍራ ዋናው የዶሮ ጠላት እርጥበት ነው። ወለሉ ከመሬት ከፍ ያለ፣ የጣሪያው ክፈፍ ወደ ውጭ የወጣ፣ የግድግዳው የላይኛው ክፍል ደግሞ አየር የሚያስገባ ወንፊት ሽቦ ይሁን። ለአራት ወይም ለአምስት ዶሮ አንድ ካሬ ሜትር ይበቃል። የተነጠፈው ጭድ ወይም ሰጋቱራ እንደረጠበ መለወጥ አለበት። በእርጥብ ጉዝጓዝ ላይ ኮክሲዲያ የተባለ፣ ጫጩቶችን ደም የሚያስቀምጥ በሽታ ይስፋፋል። ማታ በሩ ካልተዘጋ ደግሞ ሽለምጥማጥ ይጨርሳቸዋል።

«ምን ይብሉ?» እንቁላል የምትጥል የተሻሻለ ዝርያ ዶሮ በቀን ከ100 እስከ 120 ግራም መኖ ትፈልጋለች። በቆሎ ብቻውን አይበቃም፤ የኑግ ፋጉሎ፣ ጎመንና የደቀቀ የእንቁላል ቅርፊት ይጨመርላት። የሻገተ በቆሎ ግን «ለሰው ባይሆን ለዶሮ ይሆናል» ተብሎ መሰጠት የለበትም። ሻጋታው አፍላቶክሲን የሚባል ጉበት የሚጎዳ መርዝ ሊኖረው ይችላል፤ ይህም በመቁላት አይጠፋም።

«ያለ አውራ ዶሮ ትጥላለች ወይ?» አዎን፣ ትጥላለች። አውራው የሚያስፈልገው ጫጩት ለማግኘት ሲሆን፣ የታቀፈች ዶሮ በ21 ቀን ትፈለፍላለች። ስትታቀፍና ላባዋን ስታረግፍ እንቁላል ማቆሟም የተለመደ ነውና ታመመች ተብሎ አይታሰብ።

«ፈንግልስ?» ከሁሉም የከፋው ጥያቄ ይህ ነው። ፈንግል በጥቂት ቀናት ውስጥ የመንደሩን ዶሮ ሊጨርስ ይችላል፤ በቫይረስ የሚመጣ ስለሆነም ከያዘ በኋላ የሚያድን መድኃኒት የለውም። መከላከያው ክትባት ሲሆን፣ ቢሾፍቱ በሚገኘው የእንስሳት ክትባት ማምረቻ ተቋም ይመረታል። ክትባቱ ለጤነኛ ዶሮ ይሰጣል፤ በየጊዜውም መደገም አለበት። አንዱ ብልቃጥ ለብዙ ዶሮ የሚበቃ፣ ከተበጠበጠ በኋላ ግን ለነገ የማይቀመጥ ነው። በመሆኑም አምስት ዶሮ ያላት እናት ብቻዋን ከመድከም ይልቅ ከጎረቤቶቿ ጋር ቀን ቆርጣ የእንስሳት ጤና ባለሙያ ብትጠራ ይበጃታል።

ከዚህም ሌላ ከገበያ የመጣ ዶሮ ቢያንስ ለሁለት ሳምንት ለብቻው ይቆይ። የሞተው በጥልቅ ይቀበር ወይም ይቃጠል። የታመመን ዶሮ «ሳይሞት ልሽጠው» ብሎ ገበያ ማውጣት ግን በሽታውን ለሌላ እናት መሸጥ ነው። የእርሷም መቀነት እንደ እኛው የደብተር መግዣ የሚቋጠርበት ነውና፣ ለራሳችን የማንወደውን ለጎረቤት አናድርግ።